ሰባቱ ጉብታዎች

ሸዋዬ ሰውን የምታስታውሰው በፊቱ ሳይሆን በአጥንቱ ነው። መንገድ ላይ አንዱ "እትዬ ሸዋዬ፣ ጤና ይስጥልኝ" ሲላት ማን እንደሆነ ጠፍቷት ትቆይና፣ ራመድ ሲል ማነከሱን ካየች "አንተ! የግራ ቁርጭምጭሚት!" ብላ አገላብጣ ትስመዋለች። ካዛንቺስ መናኸሪያ ጀርባ ባለችው ባለሦስት ክፍል ክሊኒክ ራጅ ማንሳት ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከዚያ በፊት በመንግሥት ሆስፒታል አሥራ ሁለት ዓመት አንስታለች። በሙያዋ ትሕትና የሚባል ነገር አታውቅም። "ትሕትና ለመነኩሴ ነው፤ ራጅ አንሺ ከተሽኮረመመች ፊልሙ ይደበዝዛል" ባይ ናት። ሰው ይዋሻል፤ አጥንት ግን ምን ቸግሮት ይዋሻል? በዚህ እምነቷ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም አልነቀነቃትም፤ ሰምሃል የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ እስክትመጣ ድረስ።

ሰምሃል የመጣችው በ1998 ዓ.ም.፣ ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። ያመጣት አባቷ አረጋዊ ነው፤ ስታዲየም ሥር ዋንጫና ሜዳሊያ ይሸጣል፣ ስም ይቀርጽበታል። እናቷ ሉሊ ደምበል ሕንፃ ላይ ባለ የአየር ትኬት ቢሮ ትሠራለች። ከአረጋዊ እናት ከእማማ ለተብርሃን ጋር ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በአንድ ግቢ ይኖራሉ። ልጅቱ በቀኝ እጇ ጣቶች ላይ አምስት፣ በቀኝ እግሯ ጣቶች ላይ ሁለት ጉብታ አላት። ከሁሉም የከፋው የቀለበት ጣቷ ላይ ያለው ነው፤ በሦስት ወር ውስጥ አድጎ ለውዝ አክሏል። ሐኪሙ ዶክተር ፊሮምሳ የሁለት እጅና የሁለት እግር ራጅ አዞላት ነበር።

"ያማል?" አለች ሰምሃል፣ ማሽኑን ከታች እስከ ላይ እያየች።

"ይህ ማሽን ከፎቶ ቤት የሚለየው ሳቂ አለማለቱ ብቻ ነው" አለቻት ሸዋዬ። "ለመሆኑ በዚህ እጅሽ ምን ትጫወቻለሽ?"

"ቅልልቦሽ።"

"ታሸንፊያለሽ?"

"ሁሌ! አምስቱንም ጠጠር በእጄ ጀርባ ነው የምይዘው። እነዚህ ይይዙልኛል" ብላ ጉብታዎቿን አሳየቻት። "የሰፈር ልጆች ግን አታላይ ነሽ ይሉኛል።"

ሸዋዬ ሳቀች። ፈሪ ልጅ ሲመጣባት የምታደርገው አንድ ነገር አላት፤ መጀመሪያ የአባት ወይም የእናት እጅ ጠረጴዛው ላይ እንዲቀመጥ ታደርግና መብራቱን ብቻ አብርታ "አየሽ? አልሞተም" ትላለች። አረጋዊም እጁን ዘርግቶ አስቀመጠ። መብራቱ ሲበራ ሸዋዬ ጎንበስ አለች። በጣቶቹ መገጣጠሚያዎች ላይ ሦስት ክብ ጠባሳዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው የሽምብራ ፍሬ ያህላሉ።

"ምንድን ነው ይሄ አቶ አረጋዊ?"

"እ... ልጅ ሆኜ እሳት ነው።"

"አስተዋይ እሳት ነበር" አለች ሸዋዬ። "መገጣጠሚያ መርጦ አቃጠለዎት።"

አረጋዊ አልሳቀም። እጁን ቀስ ብሎ ወደ ኪሱ ከተተ። ሸዋዬም አልደገመችም፤ የልጅቱን ሥራ ቀጠለች።

ፊልሙን ጨለማ ክፍል ውስጥ አጥባ ውኃው ሳይደርቅ ብርሃን ላይ ስትሰቅለው ግን ልቧ ደንገጥ አለ። ደንገጥ ያለው በደስታ ነበር፤ ይህን ዓይነት ፊልም በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየችው። ያሳያት የመንግሥት ሆስፒታሉ አለቃዋ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዶክተር ዘነበ ነበሩ። "ሸዋዬ" ብለዋት ነበር፣ "ጉብታ ስታዪ ትልቅነቱን አትይ። ወዴት እንደሚያይ እይ።"

እነዚህ በሽታዎች የአንድ ቤት እህትማማች ናቸው፤ በሩቁ ይምታታሉ። ሁሉም የሚነሱት ከልም አጥንት ነው፤ ከዚያ ጆሮና አፍንጫ ላይ ታጥፎ ከሚመለሰው ለስላሳው። እጢ ይባላሉ እንጂ ሲጀምሩ ክፉ አይደሉም። አንደኛዋ ኦሊዬ ትባላለች፤ አጥንት ውስጥ ገብታ ትቦረቡራለች፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወገን ትበረታለች፣ እጅና እግርን ታሳጥራለች። በዘር አትመጣም፤ ግን ውላ አድራ ወደ ካንሰር ልትዞር ስለምትችል አትታመንም። ሁለተኛዋ ማፉቺ ያችው ኦሊዬ ናት፤ ቆዳ ላይ ሰማያዊ የደም እብጠት ጨምራ ትመጣለች፣ አደጋዋም ይብሳል። ሦስተኛዋ ከአጥንቱ ውጭ ትበቅላለች፣ ከወላጅ ትወረሳለች፤ ጉብታዋ እንደተኳረፈ ጎረቤት ከመገጣጠሚያው ፊቱን አዙሮ ነው የሚያድገው። አራተኛዋ ከሁሉም ብርቅ ናት፤ ስሟም ሜታኮንድሮማቶሲስ ነው፣ ለመጥራት ከበሽታው ይከብዳል። እሷም ትወረሳለች፤ ከውስጥም ከውጭም ትገኛለች፤ የውጭ ጉብታዋ ግን ወደ መገጣጠሚያው ነው የሚያየው። ደግሞም አንድ ጠባይ አላት። ድንገት ትመጣለች፣ ቶሎ አድጋ ቤተሰቡን ታስደነግጣለች፤ ልጁ ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ሲቃረብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ራሷ ሟሙታ ትጠፋለች።

የሰምሃል ጉብታዎች ወደ መገጣጠሚያው ያያሉ። ጣቶቿም አላጠሩም፣ አልጎበጡም። ሸዋዬ እርጥቡን ፊልም ይዛ ቆማ፣ ይህች ልጅ አራተኛዋ ናት አለች ለራሷ። ከዚያ የአባትየው ጠባሳ ትዝ አላትና ጭራሽ ደስ አላት።

በማግስቱ ዓርብ ዶክተር ፊሮምሳ መጣ። የአጥንት ሐኪም ነው፤ ክሊኒኳን በሳምንት ሁለቴ፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ ያያል። ሸዋዬ በሰው ፊት "ዶክተር፣ እርስዎ" ትለዋለች፤ በሩ ሲዘጋ ግን የልጇ እኩያ ስለሆነ አንተ ብላው ታርፋለች።

"እኔም አይቼዋለሁ እትዬ ሸዋዬ" አለ፣ ፊልሙን ብርሃን ላይ እንደሰቀለ። "ማለቴ፣ ሁለት ሦስቱ ወደ ጆይንቱ ያያሉ፣ ልክ ነሽ። ግን ሁሉም በቀኝ በኩል ናቸው፣ አጥንቱ ውስጥም አለ። ሂስትሪው ደግሞ ዜሮ ነው። አባትየውም እናትየውም ዛሬ ጠዋት ተጠይቀው በቤተሰብ የለም ብለዋል። ከሌለ በቃ፣ ኦሊዬ ነው። በኦሊዬ ላይ በሦስት ወር እንዲህ ያደገ ጣት እያየሁ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም።"

"ታዲያ ልትቆርጠው ነው?"

"ረቡዕ ሆስፒታል አስገብቼ እከፍተዋለሁ። ሁኔታው ከከፋ ጣቱን አነሳለሁ። ወላጆቿ ማክሰኞ እዚህ መጥተው ይፈርማሉ።"

"ቢዋሹህስ?"

"ምን ሊጠቅማቸው? ስለ ገዛ ልጃቸው?"

ሸዋዬ ካርዱን አነሳች። እንግዳ መቀበያው ላይ የሚሞላ ነው፤ ከታች አካባቢ "በቤተሰብ ውስጥ በዘር የሚተላለፍ በሽታ አለ?" የሚል መስመር አለበት፤ ፊት ለፊቱ "የለም" ተብሎ ተጽፏል። ከዚህ በፊት ባሉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ስንት ሺህ ካርድ አይታ "አለ" የሚል አንድም አላየችም፤ ዛሬ ገና ገረማት። በእኛ አገር ይህን ጥያቄ ቀድሞ የሚጠይቀው ሐኪም ሳይሆን የጋብቻ ሽማግሌ ነው። ሴት ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ፊት "ከዘራችሁ ደዌ አለ ወይ?" ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ የለም፣ እሱ ይጠብቀን። ሰው ያንኑ ጥያቄ ካርድ ላይ ሲያገኘው አፉ የለመደውን ይመልሳል፤ ሐኪም ፊት ይቀመጥ ሽማግሌ ፊት ልብ አይለውም።

"አንድ ዘመድ አምጪልኝ" አለ ፊሮምሳ፣ ዓይኗ ካርዱ ላይ መቅረቱን አይቶ። "እንዲህ ሆኖ የጠፋለት አንድ ሰው። ቢላዬን አስቀምጣለሁ።"

"ቃልህን ያዝልኝ" አለችው ሸዋዬ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ኪሎ ብርቱካን ገዝታ፣ በሽተኛ ልትጠይቅ ነው ብላ እነ ሰምሃል ግቢ ገባች። እሷም የቂርቆስ ሰው ስለሆነች መግቢያውን አልጠየቀችም። ሁሉም አሉ። አረጋዊ የሰኞ ዋንጫ ይቀርጻል፣ ሉሊ የሥራ ልብሷን ትተኩሳለች፣ ሰምሃል ምንጣፉ ላይ ጠጠሮቿን ታቀልባለች። እማማ ለተብርሃን በነጠላቸው ተሸፍነው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ሰባውን የዘለሉ ሴት ናቸው፤ ነገራቸው ሁሉ የተቆጠረ ነው።

ሸዋዬ ስለ በሽታው አንድም ቃል ሳትናገር ብርቱካኗን በላች። ካዛንቺስ ሊፈርስ ነው መባሉን አነሳች፣ የትራንስፖርቱን ነገር አማረረች። ከዚያ ድንገት እንደመጣላት ሁሉ ወደ አሮጊቷ ዞረች።

"እማማ፣ እኔ ሐኪም ቤት ብሠራም ጠበሉን አልንቅም። ለእንዲህ ያለው ለጣት እብጠት የትኛው ጠበል ነው የሚሻለው? እርስዎ የአገር ቤት ሰው ነዎት፣ ያውቁታል።"

"ማይ ቅዱስ" አሉ እማማ ለተብርሃን ሳያመነቱ። "ከእኛ አገር፣ ከገደሉ ሥር የሚወጣው። ለእንዲህ ያለው እሱ ብቻ ነው። ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ጠራርጎ ነው የሚወስደው። አራት ዓመት፣ ቢበዛ አምስት።"

"ከየት ይጀምራል? ከእግር ነው ከእጅ?"

"ከእግር ነው የሚጀምረው። መጀመሪያ ትንሿ..." አሉና አፋቸው ላይ ነጠላቸውን ሳቡ።

የሉሊ ካውያ ቀሚሱ ላይ እንደቆመ ቀረ።

"ማንን ነው እንዲህ ያዳነው እማማ?" አለች ሸዋዬ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

አሮጊቷ መስኮቱን አዩ። መልሱ የመጣው ከአረጋዊ ነው። ዋንጫውን አስቀምጦ ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ ሦስቱ ክብ ጠባሳዎች ወደ ላይ ሆኑ።

"እኔን" አለ። "ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። በመጀመሪያ ወጌሻው በጋለ ብረት ተኮሰኝ። አልሆነም። ከዚያ ጠበል ገባሁ። ቀስ በቀስ ጠፋ። እናቴ፣ አደይ፣ ለማንም እንዳትናገር፣ ከተናገርክ ይመለሳል አለችኝ። እኔም... በቃ፣ አልተናገርኩም።"

ሉሊ ካውያውን አነሳች። ቀሚሱ ላይ ቡናማ ምልክት ቀርቷል፤ አላየችውም።

"አሥራ አንድ ዓመት" አለች። "አሥራ አንድ ዓመት አንድ አልጋ ላይ! ልጄ ይኼ ሲወጣባት እኔ ምን በልቼ ነው፣ በእርግዝና ምን አድርጌ ነው እያልኩ ሳለቅስ አንተ ታየኝ ነበር። ዓርብ ዕለት ዶክተሩ ሲጠይቀን አጠገቤ ቁጭ ብለህ የለም አልክ!"

"ሉሊ፣ እኔኮ..."

"እኔኮ አትበለኝ!"

"ተይው ልጄ" አሉ እማማ ለተብርሃን። ድምፃቸው ደርቋል። "እሱ አይደለም የማለው። ሽማግሌ ስንልክ የአባትሽ ወንድሞች ከዘራችሁ ደዌ አለ ወይ ሲሉ መስቀል ይዤ የለም ያልኩት እኔ ነኝ። መስቀል ይዤ። አሁን ምን አድርጊ ትሉኛላችሁ?" ተነሡና በጓዳው በር ገቡ። በሩ ተዘጋ።

ሸዋዬ የሉሊን እጅ ያዘች። "ስሚኝ፣ ቁጣሽን ለሌላ ቀን አቆዪው፣ አይጠፋብሽም። ይህ የሰማሽው መርዶ አይደለም፤ የምሥራች ነው። በዘር የሌለ ቢሆን ነበር የሚያስፈራው። በዘር ካለ ይህ ነገር ራሱ መጥቶ ራሱ የሚሄደው ነው።" ለአረጋዊ ደግሞ "ነገ ጠዋት ያን እጅህን ይዘህ ና" አለችው። ወደ ቤቷ ስትሄድ ልቧ ሞልቶ ነበር፤ ነገሩ አለቀ ብላለች።

አላለቀም። ሰኞ የአረጋዊን እጅ አነሳችው፤ ከፊት፣ ከጎን፣ አንድ በአንድ። ፊልሙን አጥባ ስትሰቅለው እንደ መማሪያ መጽሐፍ የጠራ አጥንት አየች። ጉብታ የለ፣ ቀዳዳ የለ፣ ምልክት የለ። በአጉሊ መነጽር ፈለገች፤ የለም። በሽታው ሲሄድ ዱካውን ጠርጎ ነው የሄደው። ሠላሳ አንድ ዓመት ያመነችው አጥንት በሚያስፈልግበት ቀን ዝም አላት። ሸዋዬ ጨለማው ክፍል ውስጥ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች፤ ተናደደች፣ ቀጥላም ፈራች።

ማክሰኞ ጠዋት ዶክተር ፊሮምሳ የአባትየውን ፊልም አይቶ ራሱን ነቀነቀ። አረጋዊ፣ ሉሊና ሰምሃል ፊቱ ተቀምጠዋል፤ ባልና ሚስቱ መሃል ልጅቷን አድርገዋል። የመፈረሚያው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነው።

"አቶ አረጋዊ፣ አልዋሹም፣ አምንዎታለሁ" አለ። "ግን እጅዎ ንጹሕ ነው። ያኔ ሕፃን ነበሩ። የነበረው ኪንታሮት ቢሆንስ? ወጌሻ ኪንታሮትም ይተኩሳል፣ ኪንታሮትም ይጠፋል። ስንት ነበሩ? ከአጥንት ጋር ነበሩ ወይስ ቆዳ ላይ? መቼ ጠፉ?"

አረጋዊ አሰበ። "እሳቱን ነው በደንብ የማስታውሰው" አለ በመጨረሻ። "ሌላው... አደይ ናት የምታውቀው።"

"እሳቸው ካልነገሩን እኔ በግምት በልጅቱ ዕድል አልጫወትም።" ፊሮምሳ ይህን ሲል ደስ ብሎት አልነበረም። እስክሪብቶውን ወደ አረጋዊ ገፋ አደረገው።

ሸዋዬ በሩ ላይ ቆማለች። የራጅ አንሺ ቦታ በሩ ላይ ነውና ምንም አላለችም፤ ግን አረጋዊ እስክሪብቶውን ሲያነሳ አንድ እግሯን ወደ ውስጥ አስገባች። ያኔ ነው ከኋላዋ ያለው የመጠባበቂያ ክፍል ጸጥ ያለው። ዞር ስትል እማማ ለተብርሃን ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ አግዳሚ ወንበሩን በሞሉት በሽተኞች መሃል እየመጡ ነው። ከቂርቆስ ካዛንቺስ ብቻቸውን በታክሲ መጥተዋል።

"ቆይ አረጋዊ" አሉ። "እስክሪብቶውን አስቀምጥ።"

ፊሮምሳ ከወንበሩ ተነሣና ወንበሩን ሰጣቸው። አልተቀመጡም።

"ትናንት ለነፍስ አባቴ ተናገርኩ። ስግደት ሰጡኝ። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ አሁን አይሰገድም፤ ከጰራቅሊጦስ በኋላ እጀምራለሁ፣ ጉልበቴ እስከቻለ። ስለዚህ አሁን ጠይቀኝ ልጄ። አረጋዊ ስንት ነበረው ስትል በበሩ ሰምቻለሁ። በእጁ አራት፣ በእግሩ ሁለት። በሰባት ዓመቱ ጀመረው። መጀመሪያ የጠፋው የትንሿ የእግር ጣቱ ነው፣ በአሥራ አንድ ዓመቱ። በአሥራ አራት ዓመቱ አንድም አልቀረም።"

"እማማ፣ ይቅርታ፣ ኪንታሮት ቢሆንስ?"

"ኪንታሮት አውቃለሁ" አሉ፣ ትንሽ ቆጣ ብለው። "ኪንታሮት ቆዳው ራሱ ነው። ይሄ እንደዚያ አይደለም። ከአጥንቱ ጋር አንድ ነው፣ ቆዳው በላዩ ላይ ይንሸራተታል። ስትነካው አያምም፤ ጠዋት ጠዋት ብርድ ሲሆን ጣትህን ስትጨብጥ ግን እዚህ ጋ፣ ከውስጥ፣ ይይዝሃል።"

መልሳቸውን ሲጽፍ የነበረው ፊሮምሳ እስክሪብቶውን አቆመ። አሮጊቷን ትኩር ብሎ አያቸው።

"ከውስጥ እንደሚይዝ ሕፃኑ ነግሮዎት ነው?"

እማማ ለተብርሃን ከዘራቸውን ለሸዋዬ ሰጧት። ሁለት እጃቸውን ከነጠላው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ፣ የመፈረሚያው ወረቀት ላይ፣ ዘረጉ። የሰባ ሁለት ዓመት እጅ ነው፤ ቀጭን፣ የተሸበሸበ፣ ጉብታ የሚባል ነገር የሌለው።

"ሕፃኑ ምን ያውቃል" አሉ። "በገዛ እጄ ነበረ።"

አረጋዊ ብድግ አለ። "አደይ?"

"አንተንም ዋሽቼሃለሁ ወደይ፣ ልጄ። የእኔን እናቴ ሸሸገችው፤ ሳይጠፋ ማን ያገባታል ብላ። ሲጠፋ ተዳርኩ። ባንተ ላይ ሲመጣ አባትህ እንዳያውቅ የጎረቤት ቡዳ በላው አልኩ። የምለው ሁሉ አንዱን ውሸት በሌላው መሸፈን ነበር። በዚህች ላይ ሲመጣ ግን..." ሰምሃልን አዩዋት። "ዓርብ ማታ ጣቷ ሊቆረጥ ነው ሲሉ ሰማሁ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አራት ቀን ዝም አልኩ። እሱን ነው እግዚአብሔር የሚጠይቀኝ፣ መስቀሉን አይደለም።"

ከዚያ ሉሊ ተነሣች። ሸዋዬ ቁጣው አሁን መጣ ብላ ጠበቀች። ሉሊ ግን የአማቷን እጅ ከጠረጴዛው ላይ አንስታ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቷ ዳበሰቻቸው፤ በዚያች ሰዓት ከዚያ ንጹሕ እጅ የበለጠ ተስፋ የሚሰጣት ነገር ዓለም ላይ አልነበረም።

"ይሄን ያህል ነው የሚጠፋው?" አለች።

"ይሄን ያህል" አሉ እማማ ለተብርሃን።

ፊሮምሳ የመፈረሚያውን ወረቀት ለሁለት ቀዶ ቅርጫት ውስጥ ጣለ። "ሦስት ትውልድ" አለ፣ ፊቱ እንደ ልጅ በርቶ። "እትዬ ሸዋዬ፣ አንድ ዘመድ ነበር ያልኩት፣ አንቺ ሁለት አመጣሽ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል፤ የልጅቱን ዳሌ አንሺልኝ። ያ ነገር ከሆነ ዳሌው ጫፍ ላይም ምልክት አይጠፋም።" ወደ ወላጆቿ ዞረ። "ቢላውን አስቀምጫለሁ፣ ዓይኔን ግን አላነሳም። በየስድስት ወሩ ትመጣላችሁ። ዳሌዋንም እንከታተላለን፤ አንዳንዴ እዚያ ጋ ተንኮል ይሠራል። ጣቷ ግን የራሷ ነው።"

ሸዋዬ ሰምሃልን ወስዳ ዳሌዋን አነሳች። ፊልሙ ጨለማው ክፍል ውስጥ ቀስ እያለ ሲወጣ በዳሌው አጥንት ጠርዝ ላይ የተበተኑት ነጠብጣቦች ታዩ፤ ፊሮምሳ ያለው ቦታ ላይ፣ አሮጊቷ በነገሩት ላይ ማኅተም ሆነው። አጥንትና አፍ አንድ ቃል ሲናገሩ ማየት ለሸዋዬ አዲስ ነበር። ትናንት የተናደደችበትን በርጩማ አልፋ ስትወጣ መታ መታ አደረገችው።

ፊልሙ እስኪደርቅ ሁሉም መጠባበቂያው ውስጥ ተቀመጡ። ሰምሃል ግን አኩርፋለች።

"ምን ሆንሽ ደግሞ?" አላት አባቷ።

"ከጠፉኮ በቅልልቦሽ እሸነፋለሁ።"

እማማ ለተብርሃን ከልጅቷ ቀሚስ ኪስ አምስቱን ጠጠሮች አወጡ። በዚያ ሁሉ በሽተኛ ፊት ወደ ላይ ወረወሯቸውና እጃቸውን ገለበጡ። አምስቱም ምንም ደጋፊ በሌለው የእጃቸው ጀርባ ላይ አረፉ፤ አንዱም አልወደቀ። አግዳሚው ላይ የነበረ እጁ በጄሶ የታሰረ ሰውዬ "አቤት!" አለ።

"እኔ ከጠፉ በኋላም ማንም አላሸነፈኝም ጓለይ" አሉ። "አስተምርሻለሁ።"

ሸዋዬ ካርዱንና እስክሪብቶውን ይዛ ከፊታቸው ቆመች። "የለም" የሚለውን ሰርዛለች፤ ቦታው ባዶ ነው። ምን ብላ እንደምትጽፍ አላጣችውም፤ ግን ይህን ቃል ለራሷ መጻፍ ነውር መሰላት። ሰው ሁሉ እየሰማ ስለሆነ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀቻቸው።

እማማ ለተብርሃን ጠጠሮቹን ለልጅቷ መልሰው ቀና አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም።

"አለ ብለሽ ጻፊ" አሉ። "ከለተብርሃን ጀምሮ አለ ብለሽ ጻፊ።"